በጀግናውና በቁጥሩ መካከል፦ የ1960 የሮም ጉዞና የተረሳው ቡድን

ከሮም ዋና የባቡር ጣቢያ፣ ከተርሚኒ ወጥቶ ጥቂት የተራመደ ሰው ቪያ ቮልቱርኖ ላይ ይደርሳል። ረጅም መንገድ አይደለም፤ የከተማይቱን ጥንታዊ ፍርስራሾች ሊያይ የመጣ ጎብኚም ሻንጣውን እየጎተተ ያልፈዋል እንጂ አይቆምበትም። ለሐበሻ ግን በተርሚኒ ዙሪያ ያለው ሰፈር ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የሮም መግቢያ በር ሆኖ ኖሯል። ከባቡር የወረደ እንግዳ ዘመዱን የሚያገኘው፣ አዲስ መጪ ሥራና ማደሪያ የሚያጠያይቀው፣ እንጀራ የናፈቀውም ምሳውን የሚበላው በዚሁ አካባቢ ነው።

የሰፈሩ የመንገድ ስሞች የጦርነት መዝገብ ናቸው። ሶልፌሪኖ፣ ፓሌስትሮ፣ ሞንቴቤሎና ኩርታቶኔ ጣሊያን አንድ አገር ለመሆን ያካሄደቻቸው ውጊያዎች የተደረጉባቸው ቦታዎች ናቸው። ቮልቱርኖ ደግሞ የጋሪባልዲ ፈቃደኛ ተዋጊዎች እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1860 መጀመሪያ ከቡርቦን ንጉሥ ሠራዊት ጋር የተጋጠሙበት ወንዝ ነው። ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ ሜዳ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አምስት መቶ የተባሉት በጃንዋሪ 1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የተደመሰሱት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው፤ የመታሰቢያ ሐውልታቸውም ከዚያው አይርቅም። ዘርዓይ ደረስ በ1938፣ ከአዲስ አበባ በተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ፊት ሰይፉን የመዘዘውም በዚሁ አካባቢ ነበር።

በአንድ አደባባይ ዙሪያ ሁለት ዓይነት መታሰቢያ ጎን ለጎን ቆሟል። በአንደኛው የሰዎቹ ስም ጠፍቶ ብዛታቸው ብቻ ቀርቷል፤ በሌላኛው አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ ይታያል። የሕዝብ ትዝታ በአብዛኛው የሚይዘው ከሁለቱ አንዱን ነው፤ ወይ ቁጥሩን፣ ወይ ጀግናውን። በመካከል ያለው፣ አብሮ የተጓዘው፣ የታመመውን የተካው፣ የጎደለውን የሞላው ትንሽ ቡድን ግን በሁለቱም መዝገብ ቦታ የለውም። ይህ ጉድለት ከታሪክ አጻጻፍ አልፎ ወደ ፖሊሲ ይሻገራል፤ ምክንያቱም አንድ ማኅበረሰብ ስኬቱ ከየት እንደመጣ ሲሳሳት ቀጣዩን ገንዘብና ጉልበት የሚያፈስሰውም በተሳሳተ ቦታ ላይ ነው። ለዚህ ደግሞ በ1960 ክረምት ወደ ሮም የተጓዘውን የኢትዮጵያ የኦሊምፒክ ቡድን ያህል ግልጽ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ከሜልቦርን የተገኘ ትምህርት

ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው በ1956 በሜልቦርን ነበር። ቡድኑ የተዋቀረው ከሯጮችና ከብስክሌት ተወዳዳሪዎች ሲሆን፣ ማሞ ወልዴ በዚያ ጉዞ የተሰለፈው ኋላ ዓለም ባወቀበት ርቀት ሳይሆን በ800ና በ1,500 ሜትር ነበር። ከብስክሌተኞቹ መካከል ደግሞ ገረመው ደንቦባ ይገኝበታል። ሜዳሊያ አልተገኘም። ለታሪክ አንባቢ ይህ ባዶ እጅ መመለስ ሊመስል ይችላል። ለአሠልጣኞቹ ግን የት ቦታ ላይ እንደሚገኙ ያወቁበት የመጀመሪያው መለኪያ ነበር፤ ያልተለካ ነገር ደግሞ አይሻሻልም።

በሜልቦርንና በሮም መካከል ባሉት አራት ዓመታት ሁለት ተቋማት ሥራቸውን ሠርተዋል። አንዱ ክቡር ዘበኛ ነው። ዘበኛው ወጣቶችን ከገጠር መልምሎ፣ ቀለብና ደመወዝ ሰጥቶ፣ በየዕለቱ ሥልጠና የሚያኖር ድርጅት ነበር። በዛሬ አነጋገር፣ ስፖርተኛ ሌላ መተዳደሪያ ሳያስጨንቀው ጊዜውን ለልምምድ እንዲያውል የሚያስችል ቋሚ በጀት ነበረው ማለት ነው። ሁለተኛው የመንግሥት የስፖርትና የአካል ማሠልጠኛ ሥራ ሲሆን፣ በዚህ ውስጥ ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ትልቅ ድርሻ ነበረው። ኒስካነን በመለካት የሚያምን ሰው ነበር። ሯጮቹን በሰዓት ይፈትናል፤ ከአንዱ ሳምንት ወደ ሌላው ያለውን ልዩነትም ይመዘግባል።

ከዚህ ሥርዓት የወጣው የመጀመሪያው ታላቅ ስም አበበ ቢቂላ አልነበረም። ዋሚ ቢራቱ ነበር። ዋሚ በአገር ውስጥ በ5,000ና በ10,000 ሜትር ቀዳሚ የነበረ ሯጭ ነው፤ ከደብረ ብርሃን አካባቢ የመጣው አበበም ለመድረስ ይመለከተው የነበረው የእሱን ጀርባ ነበር። በአንድ ተቋም ውስጥ የሚቀድም ሰው መኖሩ ለሚከተለው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በገንዘብ ማስላት አይቻልም። ውጤቱ ግን በ1960 በአዲስ አበባ በተደረገ የማጣሪያ ውድድር ታየ። አበበ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ጨረሰ። በወቅቱ የነበረው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ኤሚል ዛቶፔክ በ1952 በሄልሲንኪ ያስመዘገበው 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እንደምትገኝ ለሚያስብ ሰው፣ ይህ ሰዓት ሮም ላይ ሊሆን ያለውን ነገር አስቀድሞ የሚናገር ነበር። የዓለም ጋዜጠኞች ግን የአዲስ አበባን ሰዓት የሚያነቡበት ምክንያት አልነበራቸውም። ስለዚህ «ማንም ያልጠበቀው ድል» የሚለው ዝነኛ አባባል የሚነግረን፣ ማን መረጃ እንደነበረውና ማን እንዳልነበረው ነው።

ሦስት እንከኖች

ጉዞው ያለ ችግር አልተጠናቀቀም። ከእነዚያ ችግሮች ሦስቱ በታሪክ ተመዝግበዋል፤ ሦስቱም የተለያየ ዓይነት ናቸውና ለየብቻ መመልከት ይገባል።

የመጀመሪያው የሰው እንከን ነው። ዋሚ ቢራቱ በሮም ማራቶን አልሮጠም። አንዳንዶች በሕመም፣ ሌሎች ደግሞ በጉዳት ምክንያት ነው ይላሉ፤ በውጤት መዝገቡ ላይ ስሙ አለመኖሩ ግን እውነት ነው። በብዙ አገሮች ቡድን ውስጥ ዋነኛው ሯጭ መቅረቱ የጉዞው ፍጻሜ በሆነ ነበር። በዚህ ቡድን ግን ከዋሚ ኋላ አበበ ቢቂላ ነበረ፤ ከአበበ ቢቂላ ኋላም የ38 ዓመቱ አበበ ዋቅጅራ ነበረ። ይህ የዕድል ጉዳይ አይደለም። አንድ ድርጅት አንድ ምርጥ ሰው ብቻ ሳይሆን የተመረጡ ሰዎች ተራ ሲኖረው፣ የአንዱ መውደቅ ጉዳት እንጂ ጥፋት አይሆንም። ተራውን ለማቆየት ወጪ አለበት፤ ምናልባት መቼም ለማይሰለፍ ሰው ቀለብና ሥልጠና ይከፈላል። የሒሳብ ሹም ይህን ብክነት ይለዋል። ችግር እስኪመጣ ድረስ እውነትም ብክነት ይመስላል።

ሁለተኛው የዕቃ እንከን ነው፤ ዓለም ሁሉ የሚያውቀውም ይኸው ነው። ለአበበ እግር የሚስማማ ጫማ ሮም ላይ አልተገኘም። የተሞከረው አዲስ ጫማ እግሩን አቆሰለው፤ ውሳኔውም ባዶ እግሩን እንዲሮጥ ሆነ። የአውሮፓ ጋዜጦች ይህን የድህነት ምልክት አድርገው አነበቡት። ከደሀ አገር የመጣ ጫማ የሌለው ወታደር የሚለው ሥዕል ለመሸጥ የተመቸ ነበር። ሆኖም አበበ በክቡር ዘበኛ የሚኖር፣ ጫማ የሚያውቅ፣ ያለ ጫማም ሲሮጥ የኖረ ሰው ነበር። ምርጫው በጫማና በባዶ እግር መካከል ቢመስልም፣ በእርግጥ የቀረበለት ምርጫ በማያውቀው ጫማና በሚያውቀው እግሩ መካከል ነበር። አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር በሚያቆስል ጫማ መሮጥ የሚያስከትለው ጉዳት እርግጠኛ ነው፤ በባዶ እግር መሮጥ የሚያስከትለው ደግሞ በልምምድ የታወቀ ነው። ውሳኔው ጀብደኝነት ተብሎ ይወደሳል፤ በጥሞና ሲታይ ግን ጥንቃቄ ነበር።

ሦስተኛው የመረጃ እንከን ነው። አበበ በሩጫው ውስጥ እንዲጠባበቃቸው ከተነገሩት ብርቱ ተፎካካሪዎች አንዱ ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ነበር። የራዲ መለያ ቁጥር 26 ነው የሚል መረጃ በኢትዮጵያውያኑ እጅ ነበር። በማራቶኑ ዕለት ግን ራዲ 185 ቁጥር ለብሶ ቆመ። አበበ መንገዱን ሁሉ 26 ቁጥርን በዓይኑ ሲፈልግ፣ 26 ቁጥር ሩቅ ቀድሞ ሄዶ ይሆናል ብሎም ሲገምት፣ የሚፈልገው ሰው ትከሻ ለትከሻ አጠገቡ ይሮጥ ነበር።

ይህ ሦስተኛው እንከን ከሁሉም የከፋ ጥፋት ሊያመጣ ይችል ነበር። ያላመጣበት ምክንያት ዕቅዱ በተፎካካሪው ማንነት ላይ ያልተመሠረተ በመሆኑ ነው። ኒስካነንና አበበ የሩጫውን መንገድ አስቀድመው ተመልክተውት ነበር። መጨረሻው አካባቢ፣ የአክሱም ሐውልት በቆመበት በፖርታ ካፔና አደባባይ፣ መንገዱ በመጠኑ ወደ ላይ ያዘነብላል። የመጨረሻው ጥቃት ከዚያ ቦታ እንዲጀመር ተወስኖ ነበር። ሰው ቁጥሩን ሊቀይር ይችላል፤ ሐውልቱ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። በሚለዋወጥ መረጃ ላይ የተሠራ ዕቅድ ከመረጃው ጋር አብሮ ይፈርሳል። በማይለወጥ ነገር ላይ የተሠራው ግን የመረጃውን ስሕተት ችሎ ያልፋል።

ትርፍ አቅም ያለቀበት ቡድን

የአብሮነትን ዋጋ በትክክል ለመመዘን በዚያው የሮም ጨዋታ የደረሰውን ሌላ ታሪክ ማስታወስ ያስፈልጋል። ማራቶኑ ከመካሄዱ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ፣ ኦገስት 26 ቀን፣ በቪያ ክሪስቶፎሮ ኮሎምቦ ላይ የ100 ኪሎ ሜትር የብስክሌት የቡድን ክሮኖ ሜትር ውድድር ተደረገ። ከተሰለፉት መካከል የኢትዮጵያም ቡድን ነበር፤ ገረመው ደንቦባም ከሜልቦርን በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ የኦሊምፒክ መንገድ ላይ ነበር። በፌዴሬሽኑ ዘመን የአገሪቱ የብስክሌት ስፖርት ዋነኛ መፍለቂያ አስመራ ነበረች። በጣሊያን አገዛዝ ዘመን ኤርትራውያን ከጣሊያኖች ጋር እንዳይወዳደሩ ተከልክለው ነበር፤ በ1939 አብረው እንዲወዳደሩ በተፈቀደ ጊዜ ገብረማርያም ገብሩ ጣሊያኖቹን ቀድሟል። ብስክሌት በዚህ መንገድ ወደ ሮም መመለሱ የራሱ ትርጉም ነበረው።

የውድድሩ ሕግ እንዲህ ነበር። አራት ሰዎች አብረው ይነሣሉ፤ የቡድኑ ሰዓት የሚያዘው ሦስተኛው ሰው መስመሩን ሲያልፍ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ቢቀር ቡድኑ ይቀጥላል፤ ሁለት ከቀሩ ግን ውጤት የለም። አራተኛው ሰው የቡድኑ መድን ነው።

በዚያ ቀን ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ነበር። ከዴንማርክ ቡድን አንዱ በፀሐይ ተመትቶ አቋረጠ። ከዚያ በኋላ የቀሩት ሦስቱ እያንዳንዳቸው የግድ አስፈላጊ ሆኑ። ክኑድ ኢነማርክ የንሰን የተባለው የ23 ዓመት ወጣት ራሱን እንዳዞረው ለጓደኞቹ ተናገረ። ጓደኞቹም አልተዉትም፤ አንዱ ማልያውን ይዞ ደገፈው፣ ሌላው ውኃ ረጨለት። የተሻለው በመሰላቸው ጊዜ ለቀቁት፤ ወዲያው ከብስክሌቱ ወድቆ ጭንቅላቱ ከመንገዱ ጋር ተጋጨ፤ በዚያው ዕለትም ሞተ። ስለወሰደው መድኃኒት ለዓመታት ክርክር ተደርጓል፤ አሟሟቱም በስፖርቱ ዓለም የአበረታች መድኃኒት ቁጥጥር እንዲጀመር ከገፉት ክስተቶች አንዱ ሆኗል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ጓደኝነት አልጎደለም። የዴንማርክ ወጣቶች እርስ በርስ የተዋደዱና የተደጋገፉ ነበሩ። የጎደለው መጠባበቂያ ነው። አራተኛው ሰው ከወጣ በኋላ «ቁም፣ ዕረፍ» ማለት የሁሉንም ድካም ከንቱ ማድረግ ስለነበር፣ ፍቅራቸው ራሱ የታመመውን ሰው በኮርቻው ላይ ለማቆየት ዋለ። ይህ ለብዙ ስደተኛ ቤተሰብ እንግዳ ነገር አይደለም። አንዱ ሥራ ካቆመ የሁሉም ኪራይ የሚቋረጥበት ቤት ውስጥ፣ የታመመ ሰው በፍቅር ተደግፎ ወደ ሥራ ይሄዳል። አብሮነት ትርፍ አቅም ሲኖረው ያድናል፤ ትርፍ አቅም ሲያልቅበት ግን ደካማውን መልቀቅ ያቅተዋል።

በኢትዮጵያ የማራቶን ቡድን ውስጥ ዋሚ መቅረት የቻለው፣ ሊቀር የሚችልበት አቅም ስለነበረ ነው። የታመመ ወይም የተጎዳ ሰው ለአገር ክብር ሲባል ወደ መንገድ አልተገፋም። ከሁለቱ ቡድኖች ልዩነት ትልቁ ይህ ነው፤ በድሉ ታሪክ ውስጥ ግን አይነገርም።

የጳጉሜን 5 ምሽት

ማራቶኑ የተካሄደው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዕለቱ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። ሙቀቱን ለመሸሽ ሲባል ሩጫው የተጀመረው ወደ ማታ ነው። መነሻው ካምፒዶሊዮ፣ መድረሻው የቆስጠንጢኖስ ቅስት ሆነ፤ የኦሊምፒክ ማራቶን ከስታዲየም ውጭ ተነሥቶ ከስታዲየም ውጭ ሲያልቅም የመጀመሪያው ነበር። ሯጮቹ ብስክሌተኞቹ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው በተጓዙበት በቪያ ክሪስቶፎሮ ኮሎምቦ ወጥተው፣ በጥንታዊው ቪያ አፒያ ተመለሱ። ሲመለሱ መሽቶ ነበርና የጣሊያን ወታደሮች በመንገዱ ዳርና ዳር ችቦ ይዘው ቆመውላቸዋል። አገር ቤትም በዚያው ምሽት በየደጁ የዐውደ ዓመቱ ችቦ የሚበራበት ሰዓት ነበር። ሁለቱን ያገናኘ ዐዋጅ አልነበረም፤ አጋጣሚ ብቻ ነው።

አበበና ራዲ ለረጅም ርቀት አብረው ሮጡ። የአክሱም ሐውልት ዘንድ ሲደርሱ አበበ በታቀደው መሠረት ፍጥነቱን ጨመረ፤ ራዲም ሊከተለው አልቻለም። ሐውልቱ በ1937 በሙሶሊኒ ትእዛዝ ከአክሱም ተወስዶ፣ ለቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር በተሠራው ሕንፃ ፊት የተተከለ ነበር። በ1960 ሕንፃው የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት መቀመጫ ሆኗል። በ1947ቱ የሰላም ስምምነት ጣሊያን የተዘረፉ ቅርሶችን በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ግዴታ ገብታ ነበር። አበበ በሐውልቱ ሥር ሲያልፍ የጊዜ ገደቡ ካለፈ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰውም በ2005 ነው።

አበበ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ በሆነ ጊዜ አንደኛ ወጣ፤ በርቀቱ ከዚያ በፊት ያን ያህል ፈጥኖ የሮጠ አልነበረም። ራዲ ከ25 ሰከንድ በኋላ ተከተለው። አበበ ዋቅጅራ ሰባተኛ ሆኖ ሲጨርስ ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ9.4 ሰከንድ ነበር። ይህን ቁጥር ከዛቶፔክ ክብረ ወሰን ጋር ማነጻጸር ተገቢ ነው። በ38 ዓመቱ ሰባተኛ የወጣው ሁለተኛው አበበ፣ እስከዚያ ምሽት ድረስ በኦሊምፒክ ታሪክ ማንም ካስመዘገበው ጊዜ ወደ ሁለት ደቂቃ የሚጠጋ ፈጥኖ ነበር። አንደኛው ሰው ድንቅ መሆኑ አንድን ግለሰብ ያስመሰግናል፤ ሁለተኛው ሰውም እንዲህ መሮጡ ግን ያሠለጠናቸውን ሥርዓት ይመሰክራል። የታሪክ መጻሕፍት የመጀመሪያውን መዝግበው ሁለተኛውን በግርጌ ማስታወሻ ትተውታል።

ሽልማቱ ለማን?

የድሉ ደስታ ሦስት ወር እንደሞላው፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በክቡር ዘበኛ አዛዥ በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የተመራው መፈንቅለ መንግሥት ተነሣ። ሙከራው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሸፈ። ከዘበኛው ብዙዎች ሞቱ፣ ታሰሩ፣ ተበተኑ፤ አዛዡም ኋላ በስቅላት ተቀጡ። አበበ ራሱ ለአጭር ጊዜ ተይዞ ተመርምሮ ተለቀቀ። የሮምን ድል የወለደው ተቋም በመንግሥት ዓይን ተጠርጣሪ በሆነበት ጊዜ፣ ድሉን ከተቋሙ ለይቶ በአንድ ሰው ስም ማቆየት ለሁሉም የተመቸ ሆነ። ጀግናው ብቻውን የቆመው በዝናው ብርሃን ብቻ አይደለም፤ በዙሪያው የነበሩትን ሰዎች መጥቀስ የማይመች ስለሆነም ጭምር ነው።

ይሁን እንጂ የተገነባው አቅም ወዲያው አልጠፋም። በ1964 በቶኪዮ፣ አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከአምስት ሳምንት በኋላ እንደገና አሸነፈ፤ ደምሴ ወልዴም ዐሥረኛ ወጣ። በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ ደግሞ የሮም ታሪክ በሌላ መልክ ተደገመ። አበበ የእግሩ አጥንት ተጎድቶ ስለነበር 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ። ከ12 ዓመት በፊት በሜልቦርን በ800 ሜትር የተሰለፈው ማሞ ወልዴ አሸነፈ፤ መራዊ ገብሩም ስድስተኛ ሆነ። ዋሚ ሲቀር አበበ፣ አበበ ሲያቋርጥ ማሞ ተተካ። ሦስት ተከታታይ የኦሊምፒክ ወርቅ የተገኘው የማይወድቅ ሰው ስለነበረ አይደለም፤ የወደቀ ሁሉ ተተኪ ስለነበረው ነው።

የሽልማቱ አሰጣጥ ግን በሌላ አመክንዮ ሄደ። ሽልማቱ ኒሻን፣ ማዕረግና መኪና ነበር፤ ሦስቱም ለአንድ ሰው የሚሰጡ ናቸው። በማርች 1969 አበበ ሲነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ተገልብጣ እግሮቹ ሽባ ሆኑ፤ በ1973ም በ41 ዓመቱ ዐረፈ። በመንገድ ላይ በእግሩ የሄደ ጊዜ ዙሪያውን አሠልጣኝ፣ ተተኪና ዕቅድ ነበሩት። በመኪናው የሄደ ጊዜ ብቻውን ነበር።

አንድ እንከን በጊዜ ርዝመት ወደ ምን እንደሚለወጥ ለማየት በ2010 የተደረገውን የሮም ማራቶን ማስታወስ ይበቃል። የአበበ ድል ሃምሳኛ ዓመት በሚታሰብበት በዚያ ውድድር፣ ወጣቱ ሲራጅ ገና መሪ ሆኖ ወደ መጨረሻው መስመር ሲቃረብ ቆሞ ጫማውን አወለቀ፤ የመጨረሻዎቹን 300 ሜትር ያህልም በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። በባዶ እግሩ ለሚገባ አሸናፊ 5,000 ዩሮ ተጨማሪ ሽልማት ተዘጋጅቶ ነበር። በ1960 ጫማ ባለመስማማቱ የተደረገ ጥንቃቄ የተሞላበት ውሳኔ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ዋጋ የተቆረጠለት ትርኢት ሆነ። የሚታየው ባዶው እግር ነውና ዋጋ ተቆረጠለት። ለተጠባባቂው ወንበርና ለማጣሪያው ሰዓት ግን ሽልማት ያዘጋጀ አካል የለም።

እንደገና በተርሚኒ ዙሪያ

ይህ የስፖርት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለታሪክ ወዳጆች በተተወ ነበር። የዳያስፖራውን ኑሮ የሚነካው ግን በቀጥታ ነው። ኢትዮጵያውያን በውጭ ስላገኙት ስኬት የሚነገረው ታሪክ በአብዛኛው የአንድ ሰው ታሪክ ነው፤ ስለ ስደቱ የሚነገረው ደግሞ የቁጥር ነው። ባለሀብቱ፣ ሳይንቲስቱና ሯጩ በስማቸው ይጠራሉ። በባሕር ያለፉት፣ የተመለሱት፣ የታሰሩት በብዛታቸው ይቆጠራሉ። አንዱን ከሌላው ያሻገረው መካከለኛው አካል፣ ማለትም ዕቁቡ፣ ዕድሩ፣ አዲስ መጪውን ሶፋው ላይ ያሳደረው ቤተሰብ፣ በሁለቱም ሒሳብ ውስጥ አይገባም። የማይቆጠር ነገር ደግሞ በጀት አያገኝም።

ከቪያ ቮልቱርኖ ብዙም በማይርቀው በፒያሳ ኢንዲፔንደንሳ፣ በኦገስት 2017 የሆነውም ይህንኑ ያስታውሳል። በቪያ ኩርታቶኔ በሚገኝ ባዶ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ ከ2013 ጀምሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ በአብዛኛው ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን የሆኑ ስደተኞች ይኖሩ ነበር። ብዙዎቹ ሕጋዊ የጥገኝነት ወረቀት የያዙ ናቸው። ፖሊስ ሕንፃውን አስለቀቀ፤ አደባባዩ ላይ ያደሩትንም ከቀናት በኋላ በውኃ መድፍ በተነ። የዜናው ርዕስ የተፈናቃዩ ብዛት ነበር። ሕንፃው ውስጥ የነበረው የአራት ዓመት ጉርብትና፣ ማን የማንን ልጅ ይጠብቅ እንደነበረ፣ ሥራ ያጣውን ማን ያበላው እንደነበር በየትኛውም የካሣ ስሌት አልተካተተም። ቤት ለተነሣ ሰው ሌላ ቤት ማቅረብ ይቻላል፤ ሲበተን የጠፋውን ተተኪነት ግን ሌላ አልጋ አይመልሰውም።

ከሮሙ ጉዞ የሚገኘው ትምህርት «ተባበሩ» የሚል ምክር ብቻ ከሆነ ለዳያስፖራው አዲስ ነገር የለውም፤ መተባበርን በተግባር ሲያደርገው ኖሯል። የዴንማርክ ብስክሌተኞችም ተባብረዋል። የሚያስፈልገው አብሮነት ለችግር ቀን የሚሆን ትርፍ አቅም እንዲኖረው ማድረግ ነው። ለማኅበር መሪ ይህ ማለት ዛሬ ሥራ የሌለው ለሚመስል ተተኪ ጊዜና ገንዘብ መመደብ ነው። ለእርዳታ ሰጪ ደግሞ ከግለሰብ የትምህርት ዕድል ጎን፣ ተማሪው ቢታመም ወይም ቢወድቅ የሚይዘውን ማኅበር መደገፍ ነው። ለፖሊሲ አጥኚም በሰንጠረዡ ላይ ከግለሰቡና ከጠቅላላ ድምሩ ሌላ ሦስተኛ ዓምድ መክፈት ነው፤ ያ ዓምድ ማን ማንን እንደተካ ይመዘግባል።

በቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ፣ ከቆስጠንጢኖስ ቅስት አጠገብ፣ የአበበን ድል የሚያስታውስ ሰሌዳ አለ። ይገባዋል። የዋሚ ቢራቱና የአበበ ዋቅጅራ ስም ያለበት ሰሌዳ ግን የለም። አበበ ያን ምሽት ሲደርስ ዋሚ በመንገዱ ላይ አልነበረም፤ ሁለተኛው አበበ ደግሞ ከኋላ በችቦው መካከል ገና እየሮጠ ነበር። ቅስቱ ሥር ለመድረስ ስድስት ደቂቃ ያህል ቀርቶት ነበር።